ለሜንዲ የተጨመሩ ሰባት ሙከራዎች

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ።

የመጣው አበልጄ ኤልፒዲዮ ነው። ሱቁ ከቤቴ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሑድ ጠዋት ሳይከፍት ቀርቶ አያውቅም። በሩ ተዘግቶ እሱ ደጄ ላይ ሲቆም ሳይ ገባኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«አበልጄ፣ ቁጭ በይ» አለኝ።

«አልቀመጥም። ተናገር።»

«ሜንዲ ነው።»

ትናንት ማታ ቡድኑ ሳንቲያጎ ከተማ ሄዶ ቤዝቦል ተጫውቶ ነበር። ቡድኑ እዚያው ሆቴል አድሮ ዛሬ በአውቶቡስ ሊመለስ ነው። ልጄ ግን ከጨዋታው በኋላ የራሱን መኪና አስነስቶ ወደዚህ ወደ ሳን ፔድሮ መጣ። ሸንኮራ የጫነ መኪና መብራት ሳያበራ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር አሉ።

ትናንት በስልክ ተነጋግረናል። የፍየል ወጥ እየሠራሁ እንደሆነ ነገርኩት። ና አላልኩትም።

ወጡ ምድጃው ላይ ነው። ማንም አልነካውም።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

ትናንት ቀበርነው። ሳጥኑን የተሸከሙት የቡድኑ ልጆች ናቸው። ለብሰው የመጡት የጨዋታ ልብሳቸውን ነው። ይህን ያህል ሰው በዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም። ስኳር ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ነበር።

ዕድሜው ሃያ አራት ነው።

ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

የዘጠኙ ቀን ጸሎት አራተኛው ዛሬ ነው። ጸሎቱን የምታስመራው የባሌ እህት ሴሌስቲና ናት። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ለእሱም ያስመራችው እሷ ነበረች። ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ፣ ሻማው፣ አበባው፣ የሜንዲ ፎቶግራፍ። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሳቀ የተነሳውን መረጥን። ልጄ ዩሌይሲ ለሚመጣው ሰው የዝንጅብል ሻይና ዳቦ ታቀርባለች።

ሰው ሲሄድ ዝምታው ይከብዳል። ምን እንደጎደለኝ ዛሬ ገባኝ። የኤልፒዲዮ ሬዲዮ ነው። ለሐዘናችን ብሎ ዘግቶታል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ቤዝቦል ስሰማ ኖሬያለሁ። ጨዋታውን የተማርኩት ሜዳ ሄጄ ሳይሆን ሩዝ እየለቀምኩ ነው።

ሬዲዮው ቢዘጋም ሰዎቹ አልቀሩም። ዶሚኖ እየተጫወቱ በሹክሹክታ ያወራሉ። ግድግዳው ወፍራም ይመስላቸዋል። ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ሴኖን እንዲህ ሲል ሰማሁት። ሴኖን እዚህ ተወልዶ አድጎ የዋና ከተማውን ቡድን የሚደግፍ ሰው ነው፤ ሰውን ለማናደድ ነው ይሉታል።

«እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ያንን የአሜሪካኖቹን ውል ለምን እምቢ አለ? ሦስት ዓመት ዋስትና ያለው ውል! በእረፍቱ ወራት አገርህ ገብተህ አትጫወት፣ እረፍ አሉት እንጂ ሌላ ምን አሉት?»

«አገሩ ላይ መጫወት ፈለገዋ!» አለ ኤልፒዲዮ። «የአንድ ዓመቱን መረጠ፣ ግን እንዲፈቅዱለት አድርጎ ፈረመ። ስንቱ ነው እንዲህ የሚያደርግ? ስንቱ ነው እኛን የሚያስታውስ?»

«ታዲያ አገሩ ሦስት ዓመት ቢጠብቀው ይሞታል?»

ከዚያ የዶሚኖው ድምፅ ቆመ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ ሴኖን ቆይቶ። «አፌ ነው።»

እኔ ስለ ውሉ የማውቀው የለም። የአሜሪካ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክያለሁ፤ እዚያ ሲጫወት አንድ ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይሄ ከውሉ ጋር አይገናኝም። ራሱ ያሰበበት ነገር ነው።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሁለት ሴቶች ከፊቴ ቆመዋል። አላዩኝም።

«ሆቴል ተይዞለት እያለ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ና አላልኩትም።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ዘጠኙ ቀን አለቀ። ሴሌስቲና የመጨረሻውን ጸሎት አድርሳ ሻማዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ ነጩን ጨርቅ አጠፈች። ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለስነው። ነፍሱ አሁን ሄዳለች ይላሉ። ቤቱ ሰፋ።

ሰዉ ሲበተን ኤልፒዲዮና ሴኖን ግቢው ውስጥ ቀርተው ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አይደለም፣ ዶኛ ኦብዱሊያ» አለ ሴኖን። ለእኔ ሲናገር እንደ ቄስ ነው።

«ስለ ሜንዲ ከሆነ ልስማ።»

ኤልፒዲዮ ነገረኝ። ልጄ ሲሞት ከሊጉ መቺዎች ሁሉ አንደኛ ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ውጤቱ ከሺህ ሙከራ ሦስት መቶ ሰባ ሁለቱን እንደ መምታት ነው። ያላወቅሁት ግን የመቺዎችን ዋንጫ ለመውሰድ አንድ ሰው ቢያንስ መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ ለመምታት መቆም እንዳለበት ነው። ሜንዲ መቶ ሃያ ስምንት ጊዜ ቆሟል። ሰባት ጎደለው።

«ስለዚህ አያገኝም» አልኩ።

«ቆይ አበልጄ፣ ሕግ አለ። የጎደሉትን ሰባት ሙከራዎች ይጨምሩለታል፣ ሰባቱንም እንደሳተ አድርገው ይቆጥሩበታል። ያም ሆኖ ከሁሉም ከበለጠ ዋንጫው የእሱ ነው።»

«ለሞተ ሰው ሰባት ባዶ!» አለ ሴኖን፤ ራሱን መግታት አልቻለም። «ምን ዓይነት ሕግ ነው? ከመቃብር ተነስቶ ይሳት?»

«ሕጉ ለሁሉም ነው። ለታመመም፣ እግሩ ለተሰበረም።»

«ሜንዲ ሰባት ጊዜ ተከታትሎ ሊስት? ሜንዲ?»

«ኦክቶበር ላይ ስምንት ጊዜ ስቷል።»

«ያኔ ጣቱ አብጦ ነበር! ምነው ኤልፒዲዮ፣ አንተ እኮ የክርስትና አባቱ ነህ!»

ሰባቱ ሲጨመሩ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ላይ ይወርዳል። ከኋላው ያለው ዳማሶ ሊሪያኖ ነው፤ የዋና ከተማው ቡድን መቺ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ይህን ዋንጫ አንድም ጊዜ ያላገኘ። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው ይላሉ። የዚህ ዙር ውድድር የሚያልቀው ዲሴምበር 21 ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ስለ ሰባቱ አሰብኩ። ሴኖን ሕጉ ጭካኔ ነው ይላል። እኔ ግን ወደድኩት። ሰባት ጊዜ ልጄ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ዱላውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ ሄዶ ይቆማል። ይስታል። ይሳት። ተመልሶ ይመጣል። ሰባት ጊዜ ሲሄድና ሲመጣ አየዋለሁ።

ዲሴምበር 11፣ ሐሙስ

ሱቅ ሄጄ ሬዲዮውን ክፈት አልኩት።

ኤልፒዲዮ ክው አለ። «አበልጄ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሏል። ዳማሶ ዛሬ ይጫወታል አይደል?»

ከፈተው። ሴኖን ከወንበሩ ተነስቶ ለእኔ ለቀቀልኝ። ጥቁር ለብሼ ከወንዶች መሃል ተቀመጥኩ። ዳማሶ አራት ጊዜ ሞክሮ አንዴም አልመታም። በሳተ ቁጥር ልቤ ትዘላለች። እቤት ስገባ ሴሌስቲና በር ላይ ትጠብቀኛለች።

«በሐዘን ቤት ሬዲዮ! ኦብዱሊያ፣ ያውም ቢራ በሚጠጣበት!»

«ቤቱ አይደለም፣ ሱቁ ነው።»

«ግድግዳው አንድ ነው።»

እውነቷን ነው።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ዳማሶ ሦስት መታ። ሦስት መቶ አርባ ስምንት ደረሰ። አልበላሁም።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

ዛሬ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው። ክርክሩ በሳን ፔድሮ ከተወለዱት ማን ይበልጣል የሚል ሆነ። እዚህ ከተማ ይህ ክርክር ከተነሳ እራት ይበርዳል።

ኤልፒዲዮ የጥንቶቹን ያነሳል፤ ከወተት ካርቶን በተሠራ ጓንት የተጫወቱትን። ሴኖን ይስቅበታል። «አንተ ሽማግሌ፣ ካርቶን ስለያዙ ነው ታላቅ የሆኑት? ዛሬ ወርዋሪው የሚወረውረውን ኳስ አንዷን እንኳ አያዩዋትም!»

«ያዩዋታል!»

«በጸሎት ያዩዋታል!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ አንዱ፣ «ሜንዲን የት ታደርጉታላችሁ?» አለ።

«ገና ነበር» አለ ኤልፒዲዮ ቀስ ብሎ። «እውነቱን እናውራ። አንድ ዓመት ብቻ ነው እንዲህ የመታው። ታላቅነት ዓመት ይፈልጋል።»

እንደሚከፋኝ ፈርቶ ወደ እኔ አየ። አልከፋኝም። ስለ ልጄ እንደ ሰው ነው ያወራው፣ እንደ ሬሳ አይደለም።

«እጁንስ?» አለ ሴኖን። «ሌላውን ተወው። ሲከላከሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል እንደ እሱ የቆመ አሳየኝ። ኳሷ ገና ዱላውን ሳትለቅ እኮ እሱ ሄዷል! አንዴ የኛ ቡድን ሰው የመታትን ኳስ ተጋድሞ ይዞ፣ በጉልበቱ ሆኖ ወርውሮ ሰውየውን ሲያስወጣብን ሰደብኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ለሚስቴ እንዴት እንደያዛት ወለል ላይ ተኝቼ አሳየኋት። ወገቤን ሳምንት አመመኝ።»

ለልጄ ከተነገሩት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። የጠላት ቡድን ደጋፊ ሚስቱ ፊት ወለል ላይ ተኝቶ!

ከዚያ ደግሞ ስለ ውሉ ጀመሩ። ሦስቱን ዓመት ቢፈርም ኖሮ፣ ቢያርፍ ኖሮ፣ እዚያው ቢቀር ኖሮ። ሴኖን ሞኝነት ነው ይላል፣ ኤልፒዲዮ ኩራት ነው ይላል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ያውቃሉ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ። ምን ብሎ ነበር?»

«ምንም አላለኝም» አልኩ።

ያለኝ ነገር አለ። ፈርሞ የመጣ ዕለት፣ «ማሚ፣ ኦክቶበር ላይ ከሦስተኛው ቤዝ በስተጀርባ ወንበር ይዤልሻለሁ» አለኝ። ይህን ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ከውሉ ጋር አይገናኝም። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም፤ እዚሁ ሜዳችን ላይ የተደረገውን ሁሉ አይቻለሁ። ዘንድሮ እንደ መታው መትቶ አያውቅም። ይህንን እኔ አይደለሁም የምለው፤ ሬዲዮውም ብሏል።

ዲሴምበር 17፣ ረቡዕ

ዳማሶ ሁለት መታ። ሦስት መቶ ሃምሳ ገባ።

ለምን እንዲህ እንደምፈልገው ዩሌይሲ ጠየቀችኝ። «ማሚ፣ ዋንጫ እኮ ነው። ምን ያደርግልሻል? አቧራ ነው የሚጠጣው።»

መለስኩላት። ዋንጫውን የወሰደ ሰው ስም በየዓመቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ይነበባል። ይህን ካገኘ ሰዎች ሜንዲን ሲያነሱ ዱላውን ያነሳሉ። ካላገኘ ግን የሚያነሱት ያንን መንገድ ነው። በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ ነበር ይላሉ። እኔ ከሞትኩ በኋላም ይላሉ።

ዩሌይሲ ሳህኑን አስቀምጣ አየችኝ። «ማሚ፣ ማንም አንቺን አላለም።»

እኔን አሉኝ አላልኩም። ለምን እንዲህ እንደምትናገር አይገባኝም።

ማታ ስጸልይ ዳማሶ እንዲስት ለመንኩ። እመቤታችን ፊት ተንበርክኬ የሌላ ሰው ልጅ ይሳት አልኩ። እሱም እናት አለችው ይሆናል። በተወለደበት በባኒ ከተማ በሬዲዮ ታዳምጣለች ይሆናል። ተነስቼ ቆምኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ተንበረከክሁና ያንኑ ደገምኩት።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

አለፈው። ዳማሶ ሦስት መቶ ሃምሳ አራት ነው። ነገ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፣ እዚሁ ሳን ፔድሮ፣ ከኛ ቡድን ጋር።

ሱቁ ሞልቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዳማሶ ነገ ቁጭ ካለ ዋንጫው የእሱ ነው። ከተጫወተና አንዴ ብቻ እንኳ ከሳተ፣ በፀጉር ያህል ከሜንዲ በታች ይሆናል፤ እንደገና ለመብለጥ መምታት ይኖርበታል። ሁለቱም ቡድኖች ወደሚቀጥለው ዙር አልፈዋል። ጨዋታው ለምንም አይጠቅምም።

«ይቀመጣል» አለ ኤልፒዲዮ። «እኔ ብሆን እቀመጣለሁ። አሠልጣኙም ተቀመጥ ብሎታል።»

«ይቀመጥ እንጂ!» አለ አንዱ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የለፋበት እኮ ነው።»

ዳማሶ የሴኖን ቡድን ሰው ነው፤ ሴኖን ሊደሰት ይገባው ነበር። ጠርሙሱን ያሽከረክራል።

ከዚያ ሬዲዮው የዳማሶን ድምፅ አሰማ። ጋዜጠኛው ነገ ትቀመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ድምፁ ሻካራ ነው፤ እንደ ገበሬ ነው የሚናገረው። እንዲህ አለ፦ «ያ ልጅ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት የመታው ቁጭ ብሎ አይደለም። ቁጭ ብዬ በልጬዋለሁ ብል ሰው ዓይን ውስጥ እንዴት አያለሁ? እጫወታለሁ።»

«ይሄ ሰውዬ እብድ ነው» አለ ሴኖን። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል።

ቤት ገብቼ ጸሎት ልጀምር አልኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ተንበርክኬ ቆየሁ።

ዲሴምበር 21፣ እሑድ

ሜዳ ሂጂ አሉኝ። ያንን ወንበር ማየት አልቻልኩም። ሱቅ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሴሌስቲናም መጣች። በር ላይ ቆማ አልገባችም፤ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ ግን ጆሮዋ ከሬዲዮው ጋር ነው።

ዳማሶ መጀመሪያ ሲቆም ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት፤ ተያዘች። ሳተ። ሜንዲ አንደኛ ሆነ። ኤልፒዲዮ እጄን ጨብጦ ለቀቀው።

ሁለተኛ ሲቆም ሦስት ጊዜ አወዛውዞ አየር መታ። ሜንዲ አንደኛ ነው።

ሦስተኛ ሲቆም ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ስምንተኛው ነበር። ሬዲዮው፣ «ይህች የመጨረሻው ትሆናለች» አለ። የልጄን ስም አነሳ፣ የእሱንም። ወርዋሪያችን ሁለት ጥሩ ጥሩ ኳስ ወረወረ፤ ዳማሶ ሁለቱንም ወደ ውጭ ገፋቸው። ከዚያ አንዱን ተወው። አንዱን ደግሞ ተወው። ጆንያው ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

መታ።

መሬት ለመሬት የሄደች ኃይለኛ ምት። ሬዲዮው፣ «በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል! አለፈች!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ይቆምበት በነበረው ቦታ ነው ያለፈችው። የተተካው ልጅ ተወርውሮ በጣት ርቀት ሳታት።

ዳማሶ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ሬዲዮው፣ እጁን አላነሳም አለ።

ሱቁ ውስጥ ሁሉም እኔን ያያል። ሴኖን እንኳ፣ ቡድኑ ነው፣ ግን አፉን በመዳፉ ይዟል። ደስ ብሏቸው ቢሆን እንኳ አፍረው መዋጥ አለባቸው፣ በእኔ ምክንያት። ይሄ ከበደኝ። ያ ሰው ሃያ ዓመት ለፍቶ፣ መቀመጥ ሲችል ተነስቶ፣ ሁለት ጊዜ ስቶ፣ ሦስተኛውን እንዲያ አድርጎ መትቶ፣ ማንም አያጨበጭብለትም?

ተነስቼ ቆምኩ። «ምት ናት» አልኩ። «ጥሩ ምት ናት።» አጨበጨብኩ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ከዚያ ኤልፒዲዮ፣ ከዚያ ሁሉም። በር ላይ ሴሌስቲና መቁጠሪያዋን የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ ታጨበጭባለች። ሴኖን አላጨበጨበም፤ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

በሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት ዋንጫው የዳማሶ ሊሪያኖ ነው። ይገባዋል።

ዲሴምበር 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ ምግብ ሠርቼ በላሁ። ምስር አይደለም፣ ወጥ አይደለም፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝና የተጠበሰ አይብ። ዩሌይሲ እያየችኝ ነበር።

ሳህን ሳጥብ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። ከእሑድ ጀምሮ አላቆሙም።

«ይይዛት ነበር!» ሴኖን ነው። «ሜንዲ ቢሆን በባዶ እጁ ይይዛት ነበር! ዋንጫውን ያጣው ራሱ እዚያ ስላልነበረ ነው!»

«ማንም አይይዛትም። እንደ ጥይት ነው የሄደችው።»

«ኤልፒዲዮ፣ አንተ የክርስትና አባት ነህ ወይስ የዳማሶ ጠበቃ?»

«እውነት ተናጋሪ ነኝ። ወደ ግራ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢሆን ምናልባት።»

«ቀድሞ ነበራ! ሜንዲ መቼ ዘግይቶ ያውቃል? ና፣ ተነስ፣ ላሳይህ! እዚህ ይቆማል። ኳሷ ከወዲያ ትመጣለች።»

«ወገብህ!»

«ወገቤን ተወው!»

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳቁ ግድግዳውን አናወጠው። ሴኖን ተኝቶ ይይዛት እንደነበር እያሳያቸው ነው። ስለ መንገዱ አንድም ቃል የለም። ማንም ሆቴሉን አላነሳም። ልጄ እዚያ ወለል ላይ እንደገና ኳስ ሊይዝ ይዘላል።

ይይዛት ነበር ወይ? አላውቅም። ነገም ይከራከራሉ። ስሙ በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን አይነበብም፤ ቢሆንም በዚህ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ይነሳል፣ በጩኸት፣ ከስድብ ጋር። ይህ ይበቃኛል። ባይበቃኝም እለምደዋለሁ።

ይህን ደብተር አንድ ቀን የምታነቡ፣ ዩሌይሲ ትሁን ልጆቿ ወይም የማላውቃችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስለ ልጄ ስለ ኤሪስሜንዲ ሮሳሪዮ ጸልዩ። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ። ከሞተ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ ጸልዩለት። ለዳማሶ ሊሪያኖም ለእናቱም አንድ ቃል ጨምሩ፤ ለእኔ ስትሉ አድርጉት፤ ስለጸለይኩባቸው ዕዳ አለብኝ። ልጄን ባታውቁት፣ ቤዝቦልም ባይገባችሁ አትቸገሩ። ጌታ ሆይ፣ ያንን የሳን ፔድሮ መቺ አስበው በሉ። እሱ ያውቀዋል።